ሰው መቅረብና የሰው አያያዝ፦ ተግባቢነትን ደረጃ በደረጃ ለመለማመድ

«ተግባቢ የሆነ፣ ከሰዎች ጋር በቀላሉ መሥራት የሚችል» የሚል መስፈርት የሌለበት የሥራ ማስታወቂያ ማግኘት ከባድ ነው። ስለ ሰው ስናወራም «ተጫዋች ነው፤ የሰው አያያዝ ያውቅበታል» እንላለን። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ትንፋሽ ስለሚጠሩ ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል። በዚህ የተነሳ ዝምተኛው «እኔ ለሰው አልተፈጠርኩም» ብሎ ገና ከጅምሩ ራሱን ያገላል፤ ንግግር የሚቀናው ደግሞ ከሰው ጋር በመኖር የሚቀረው ትምህርት እንደሌለ ያስባል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የሚያውቋቸውን ሰዎች ቢያስቡ ልዩነቱ ወዲያው ይታይዎታል። ገና ከበር ሲገባ ክፍሉን በሳቅ የሚሞላ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር በደቂቃ ውስጥ የሚላመድ፣ ሲሄድ ግን «ዛሬም አንድ ቃል ሳያስተነፍሰን ሄደ» የሚባል ሰው አለ። በሌላ በኩል በስብሰባ ላይ ድምፁ ብዙም የማይሰማ፣ ነገር ግን የጨነቀው ሁሉ በሩን የሚያንኳኳበት ሰው አለ። የመጀመሪያው ሰው መቅረብ ያውቃል፤ ሁለተኛው የሰው አያያዝ ያውቃል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ሳላመነታ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ደግነቱ መምረጥ አያስፈልግም፤ ሁለቱም በልምምድ ይመጣሉ፤ የሚለመዱበት መንገድ ግን ለየቅል ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም ለይተው ነው የሚለኳቸው። ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ በ1921 ሰዎችን ወደ ውጭ ያዘነበሉና ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ብሎ ከፈለ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የሰው ባሕርይ መለኪያ አምስት ዘርፎች ሲኖሩት፣ ወደ ሰው የማዘንበል ዝንባሌ አንዱ ነው፤ ለሌላው ማሰብ፣ መተባበርና ርኅራኄ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ዘርፍ ነው። አንዱ ከፍ ቢል ሌላውም ከፍ ይላል ማለት አይደለም። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሰዎች መካከል ለሚታየው የባሕርይ ልዩነት ግማሽ ገደማ የሚሆነውን ድርሻ ለውርስ ይሰጣሉ። ቀሪው ሰፊ ነው፤ ይህ መመሪያም ስለዚያ ስለቀሪው ነው።

1. መጀመሪያ ጉድለቱ የቱ ጋ እንደሆነ ይለዩ

ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ልምምድ አይጠቀምም። ስለዚህ ለራስዎ እነዚህን ጥያቄዎች ይመልሱ። የማላውቀው ሰው አጠገብ ስቀመጥ የመጀመሪያውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? ካወራን በኋላ ስለዚያ ሰው የማውቀው ይበዛል ወይስ እሱ ስለ እኔ የሚያውቀው? ሰዎች ችግራቸውን ያጫውቱኛል? ባለፈው ወር ቅድሚያ ወስጄ የደወልኩለት ሰው አለ?

መጀመር የሚከብድዎ ከሆነ ከ2ኛ እስከ 4ኛ ያሉት ደረጃዎች ላይ ጊዜ ይውሰዱ። መጀመር የማይቸግርዎ፣ ነገር ግን ትውውቁ ሁሉ ሳይዘልቅ የሚቀር ከሆነ፣ ከ5ኛው ደረጃ ይነሱ። ሁለተኛውን በራስ ላይ ማየት ከባድ ስለሆነ፣ እውነቱን የሚነግርዎትን አንድ የቅርብ ሰው «ከሰው ጋር ስጫወት አዳምጣለሁ?» ብለው ይጠይቁት። ሲመልስልዎ ለመከራከር አይቸኩሉ።

አንድ ነገር እዚሁ ይለይ። ብቻ መሆንን መውደድ፣ ዓይን አፋርነትና ሰውን እስከ መሸሽ የሚያደርስ ጭንቀት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። ሁለተኛው በልምምድ ይቀንሳል። ሦስተኛው ግን ልብ እስኪመታ፣ ላብ እስኪያጠምቅ፣ ትምህርትና ሥራ እስኪያስቀር ከደረሰ የታወቀ የጤና ችግር ነው፤ ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጠው፣ አስተሳሰብንና ባሕርይን በጋራ የሚያርመው ሕክምና በደንብ ይረዳዋል። እንዲህ ያለ ሰው ከመመሪያ አስቀድሞ ባለሙያ ማግኘት ይገባዋል፤ «ትንሽ ደፈር በል» የሚለው ምክርም ሊነገረው አይገባም።

2. ፍርሃቱን በልኩ ይዩት

ሰው ከመቅረብ የሚያግደን ብዙውን ጊዜ ሌላው ሰው በእኛ ላይ ይሰጣል ብለን የምንገምተው ፍርድ ነው። ግምቱ ደግሞ የተጋነነ ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ተማሪዎችን የዘፋኙ ባሪ ማኒሎው ምስል ያለበትን፣ መልበሱ የሚያሳፍራቸውን ካናቴራ አልብሶ ሰው ወዳለበት ክፍል አስገባቸው። ለባሾቹ በክፍሉ ካሉት ግማሽ ያህሉ ካናቴራውን እንዳስተዋሉት ገመቱ። በእርግጥ ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ ካናቴራ እየተጨነቀ ነው።

ከጨዋታ በኋላም እንዲሁ ነው። በ2018 የታተሙ ጥናቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙ ሰዎችን አጫውተው «አጫዋችዎ ምን ያህል የወደደዎ ይመስልዎታል?» ብለው ለየብቻ ሲጠይቁ፣ ሰዎች የተወደዱትን ያህል እንደተወደዱ አላመኑም። በአንድ ማደሪያ አብረው በሚኖሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ይህ የተሳሳተ ግምት ለወራት ዘልቋል። ስለዚህ ከአንድ ግብዣ ተመልሰው «ምን ነካኝና ያንን ተናገርኩ» እያሉ ሲብሰለሰሉ፣ ሚዛኑ እርስዎ ላይ እንደሚያጋድል አስቀድመው ይወቁ።

በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በቺካጎ ባቡር ወደ ሥራ የሚጓዙ ሰዎችን በዕጣ መድቦ፣ አንዳንዶቹ አጠገባቸው ካለ የማያውቁት ሰው ጋር እንዲያወሩ፣ አንዳንዶቹ ለብቻቸው ዝም ብለው እንዲጓዙ፣ የቀሩት እንደ ወትሯቸው እንዲሆኑ አደረገ። ያወሩት ጉዟቸው የተሻለ አስደሳች እንደነበር ተናገሩ። ሳይሞክሩት ግምታቸውን ብቻ እንዲሰጡ የተጠየቁ ተጓዦች ግን ተቃራኒውን ነበር የጠበቁት።

በተግባር ምን ማድረግ ይሻላል? ልብዎ ሲመታ «ተረጋጋ» ብለው ራስዎን ለመግታት አይታገሉ። የነቃን ሰውነት በትእዛዝ ማብረድ ከባድ ነው። ይልቅ ያንኑ መነቃቃት «ጓጉቻለሁ» ብለው ይጥሩት። በ2014 የታተሙ ሙከራዎች ንግግር ከማድረጋቸውና ሰው ፊት ከመዝፈናቸው በፊት ይህን ለራሳቸው የተናገሩ ሰዎች የተሻለ እንደሠሩ አሳይተዋል። ለእርስዎ ግን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ትንሽ ሙከራ በቶሎ ማድረግ ነው። አሳንሰር ውስጥ ያገኙትን ሰው «እንደምን አደሩ» ማለት፣ ገንዘብ የተቀበለችዎን ሠራተኛ ስሟ ደረቷ ላይ ከተጻፈ በስሟ አመስግኖ መሄድ። ፍርሃት የሚቀንሰው ምክር በማንበብ ሳይሆን የፈሩት ነገር ሳይደርስ ሲቀር ደጋግሞ በማየት ነው።

3. ቦታ ይምረጡና ደጋግመው ይታዩ

ዓይን አፋር ለሆነ ሰው ከዚህ የቀለለ ደረጃ የለም፤ ምክንያቱም ንግግር አይጠይቅም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንክ በ1968 ያሳተመው ጥናት ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር ወደ መውደድ እንደሚያዘነብል አሳየ። በ1992 የታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ መልካቸው የሚቀራረብ አራት ሴቶችን በአንድ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል አንዷን ምንም ሳያስገባ፣ ሌሎቹን አምስት፣ አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ እያስገባ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ እንዲቀመጡ አደረገ። በመጨረሻ ተማሪዎቹ ፎቶግራፋቸውን ሲያዩ የበለጠ የወደዱት ብዙ ጊዜ የመጣችውን ነበር።

ስለዚህ አሥር የተለያዩ ዝግጅቶች ላይ አንዳንድ ጊዜ ከመገኘት አንድ ቦታ አሥር ጊዜ መገኘት ይበልጣል። በየሳምንቱ የሚደረግ ነገር ይምረጡ፦ የቋንቋ ትምህርት፣ መዘምራን፣ ስፖርት፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ፣ የንባብ ክበብ። በእጅ የሚሠራ ነገር ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ ዝም ማለት አያሳፍርም፤ ወሬውም ከሥራው ይመዘዛል። ከዚያ አሥር ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። ይህችን ምክር ሰዎች ይንቋታል፤ እኔ ግን ከመመሪያው ሁሉ አብልጬ የማምንባት እሷን ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰው ክብ ሠርተው የሚሳሳቁ ሰዎች ጀርባ ያጋጥመዋል። ቀድሞ የደረሰ ሰው ግን ወንበር እየደረደረ አንድ ሰው ሲገባ ያገኛል፣ ከዚያ ሁለተኛ ሰው ይመጣል። በኋላ የሚመጡት ሁሉ እንግዳ የሚሆኑት ለእሱ ነው።

4. ጨዋታ መክፈት

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሲያሳምር ዕድሉ ያልፈዋል። የመክፈቻ ዓረፍተ ነገር ብልህ መሆን አይጠበቅበትም። ሥራው «ብናወራ ደስ ይለኛል» የሚለውን መልእክት ማድረስ ብቻ ነው። ሁለታችሁም በምታዩት ነገር ይጀምሩ፦ «ሰልፉ ዛሬ ረዘመ»፣ «አሠልጣኙ ቅድም ያሳየውን ሁለተኛውን ነገር ተረዱት?»፣ «እዚህ ሲመጡ የመጀመሪያዎ ነው?»። ፊትዎን ፈታ ያድርጉ፣ ስልክዎን ኪስዎ ይክተቱ፣ ድምፅዎ ሊሰማ በሚችልበት ልክ ይናገሩ። ቀስ ብሎ ለራስ የተነገረ ሰላምታ መልስ ሲያጣ ዓይን አፋሩ «ናቀኝ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ እውነቱ ግን ሰውዬው አልሰማም።

ሰዎች ተሰብስበው ወደሚያወሩበት ለመግባት ከሆነ፣ መጀመሪያ አጠገባቸው ይቁሙና ያዳምጡ። ከመሐላቸው አንዱ ዓይኑን ወደ እርስዎ ሲመልስ ወይም ሰውነቱን ዘወር አድርጎ ቦታ ሲለቅ ገብተዋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ንግግርዎ እነሱ በያዙት ርእስ ላይ ይሁን። አዲስ ገብቶ ርእስ የሚቀይር ሰው ጨዋታ ቀማኛ ይሆናል።

ሁሉም ሰው ሁልጊዜ መጫወት አይፈልግም። መልሱ አንድ ቃል ብቻ ከሆነ፣ ጥያቄዎን መልሶ ካልጠየቀ፣ ዓይኑ ወደ መጽሐፉ ወይም ወደ ስልኩ ከተመለሰ፣ «መልካም ቀን» ብለው ይተዉት። ይህን ምልክት አንብቦ መተው የተግባቢነት አካል ነው። ሰው የሚሸሸው ተናጋሪን ሳይሆን ማቆም የማያውቅ ተናጋሪን ነው።

5. ከመልሱ ተነሥተው ይጠይቁ

እስከዚህ ድረስ ያለው ሰው መቅረብ ነበር። የሰው አያያዝ የሚጀምረው እዚህ ነው።

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሠራና በ2017 የታተመ ጥናት፣ ብዙ ጥያቄ የሚጠይቁ ሰዎች በአጫዋቾቻቸው ዘንድ የበለጠ እንደሚወደዱ አገኘ። ከጥያቄ ዓይነቶች ሁሉ ይህን ያመጣው ሰውዬው አሁን ከተናገረው ነገር የሚነሣው ተከታይ ጥያቄ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳያዳምጡ መጠየቅ አይቻልም። ማዳመጥን አስመስሎ ማሳየት ይቻል ይሆናል፤ ይህን ግን ማስመሰል አይቻልም።

በቅርብ እንየው። አዲሷን የሥራ ባልደረባዎን ሰኞ ጠዋት «ቅዳሜና እሁድ እንዴት አለፈ?» ብለው ጠየቋት እንበል። «ደህና ነበር፤ እህቴ ቤት ስለቀየረች ዕቃ ስናጓጉዝ ዋልን» አለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አይ ዕቃ ማጓጓዝ! እኔ አምና ቤት ስቀይር ወገቤ ተይዞ…» ብሎ ጨዋታውን ወደ ራሱ ይወስደዋል። ሌላው «አይዞሽ» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ «ሥራውን እንዴት አገኘሽው ታዲያ?» ብሎ ወደ ሌላ ነገር ይዘላል። ሦስቱም ክፋት የለባቸውም፤ ልጅቷ ግን ከሦስቱም በኋላ ያው ብቻዋን ናት።

አሁን «ሁለታችሁ ብቻችሁን ናችሁ ያጓጓዛችሁት?» ብለው ቢጠይቁስ? «አይ፣ ወንድማችንም መጥቶ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ሦስታችንም አንድ ላይ ዋልን» ትል ይሆናል። ጨዋታው ከዕቃ ወጥቶ ለብዙ ጊዜ ተራርቀው ወደ ቆዩ የአንድ ቤት ልጆች ተሻገረ። «ከስንት ጊዜ በኋላ» የምትለዋን የሰማ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው አያጣም፦ «ወንድምሽ ሩቅ ነው የሚኖረው?»፣ «ስትገናኙ እንደ ልጅነታችሁ ትሆናላችሁ?»። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ ግን የቢሮው ሰው ሁሉ በዓመት የማያውቀውን ነገር አወቁ። እሷም የተሰማች ሰው ሆና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ይህ ለምን ይከብዳል? በአሥር ቋንቋዎች ላይ የተደረገና በ2009 የታተመ ጥናት፣ በጨዋታ ውስጥ በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ሐሳብ ከማሰብ እስከ ቃል ማውጣት ግን ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ሌላው ሳይጨርስ መልሳችንን ማዘጋጀት እንጀምራለን፤ የንግግሩ መጨረሻ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ያለበት ክፍል፣ በጆሯችን አልፎ ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰውዬው ከጨረሰ በኋላ አንድ ትንፋሽ ይቆዩ። ለእርስዎ ረጅም ይመስልዎታል፤ ለእሱ ግን እያሰቡበት መሆንዎን የሚያሳይ ነው። ብዙ ጊዜም በዚያች ዝምታ ውስጥ ያልጠየቁትን ዋና ነገር ጨምሮ ይነግርዎታል።

ጥያቄ ሲመርጡ «ለምን» የሚለውን በጥንቃቄ ይጠቀሙበት። «ለምን ሥራ ለቀቅህ?» ሲባል ሰው ይመረመራል፤ «ለመልቀቅ ስትወስን እንዴት ነበር ነገሩ?» ሲባል ያጫውታል።

6. እርስዎም ይታዩ

ጥያቄ ብቻ የሚጠይቅ ሰው መርማሪ ይመስላል። ሁለት ሦስት ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ከራስዎ አንድ ነገር ይስጡ፤ ሌላው የሰጠውን ያህል ወይም ጥቂት ጨምረው። አርተር አሮንና ባልደረቦቹ በ1997 ባሳተሙት ጥናት የማይተዋወቁ ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ቀስ በቀስ እየጠለቁ የሚሄዱ 36 ጥያቄዎችን እየተፈራረቁ እንዲመልሱ አደረጉ። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተራ ወሬ ካወሩት ይልቅ ተቀራረቡ። ምሥጢሩ መፈራረቁና ቀስ በቀስነቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን የትዳርን ችግር ዘርዝሮ የሚነግር ሰው ግልጽ አይባልም፤ አድማጩን ያስጨንቃል። ዓመት ሙሉ «ሁሉ ደህና» የሚል ሰውም አይቀረብም።

7. በብዙ ሰው መሐል

ተግባቢ ሰው በብዙ ሰው መሐል የሚታወቀው በቀልዱ ብዛት ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ታሪክ ጀምሮ ሳለ ስልክ ይጮሃል ወይም ሌላ ሰው ይገባል፣ ሰላምታ ይበዛል፣ ወሬው ይዞራል። ታሪኩን የጀመረው ሰው አፉን ከፍቶ ይቀርና ቀስ ብሎ ይዘጋዋል፤ ፈገግ ይላል፤ ማንም አላስተዋለም። ግርግሩ ሲበርድ ወደ እሱ ዞሮ «ቅድም ስለዚያ ሹፌር እየነገርከን ነበር፤ ከዚያስ ምን ተፈጠረ?» የሚለው ሰው የሰው አያያዝ ያውቃል። ይህን ለማድረግ ተጫዋችነት አያስፈልግም፤ ዝምተኞች እንዲያውም ይበልጥ ይችሉበታል፤ የሚያስተውሉት እነሱ ናቸውና።

ዝም ያለን ሰውም በድንገት «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለው አያስደንግጡት። የሚያውቀውን ነገር ይዘው በር ይክፈቱለት፦ «እርሷ እዚያ ከተማ ኖራ ታውቃለች፤ እንዳልሽኝ ክረምቱ ከባድ ነው አይደል?»። ፈልጋ ከገባች ገባች፤ ካልፈለገች በአንድ ቃል መልሳ ታልፋለች። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎችን ሲያስተዋውቁም ስም ብቻ አይንገሩ፤ የሚያገናኛቸውን አንድ ነገር ጨምረው ይሂዱ።

8. ደስታቸውንም ይቀበሉ

በሐዘን ጊዜ መገኘት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል፤ ደስታን መቀበል ግን ብዙዎቻችን አንችልበትም። ሸሊ ጌብልና ባልደረቦቿ በ2004 ያሳተሙት ጥናት፣ የትዳርና የፍቅር ጓደኞች መልካም ዜና ሲነገራቸው የሚሰጡት ምላሽ ከግንኙነታቸው ጥራት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ጓደኛዎ «ዕድገት ሰጡኝ!» ሲልዎ «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ ወደ ስልክ መመለስ አለ። «ሥራው አይበዛብህም ታዲያ?» ማለትም አለ፤ ለእሱ በማሰብ የተነገረ ቢሆንም ደስታውን ያጠፋዋል። ቁጭ ብሎ «ንገረኝ እስቲ፤ እንዴት ነገሩህ? መጀመሪያ ለማን ደወልክ?» ማለት ደግሞ አለ። ደስታው እንደገና እንዲኖረው ዕድል ይስጡት። ስጋትዎ እውነት ከሆነ ነገም ይደርሳል።

ችግሩን ሲያጫውትዎ መፍትሔ ለመደርደር አይቸኩሉ። «ሐሳብ እንድሰጥህ ትፈልጋለህ ወይስ ልስማህ?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ አለመግባባት ያድናል። የነገረዎትን ደግሞ ለሌላ አያውሩ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከሁሉም ጋር የሚጫወት ግን ምሥጢር የማይቋጥር ሰው፣ ሁሉም ስቆ የሚሸኘው እንጂ ማንም የሚያምነው አይሆንም።

9. አለመስማማት፣ እምቢታና ይቅርታ

ከሰው ጋር መግባባት ሁሉንም እሺ ማለት አይደለም። ሳይስማሙ ሲቀሩ መጀመሪያ የሌላውን ሐሳብ እሱ ራሱ «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ መልሰው ይንገሩት፤ ከዚያ የእርስዎን ይናገሩ። እምቢ ሲሉ ባጭሩና በግልጽ ይበሉ፤ የተደረደረ ሰበብ ክርክር ይጋብዛል። ይቅርታ ሲጠይቁ ደግሞ ያደረጉትን በስሙ ይጥሩት። «ካስቀየምኩህ ይቅርታ» ይቅርታ አይደለም፤ «ሰው ፊት በንግግርህ መሐል ገብቼ አቋረጥኩህ፤ ይቅርታ» ግን ነው።

10. መሰናበትን ይወቁ

ዓይን አፋሮች ጨዋታ የማይጀምሩበት አንዱ ምክንያት እንዴት እንደሚጨርሱት ስለማያውቁ ነው። ጭንቀቱ የብቻቸው አይደለም። በ2021 የታተመ ጥናት ሁለቱም ሰዎች በፈለጉት ሰዓት ያበቃው ጨዋታ ሁለት በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን አገኘ፤ አንዱ ገና ሲፈልግ ሌላው ጠግቧል፣ ሁለቱም ዝም ብለው ይቀጥላሉ። ስለዚህ ደፍሮ የሚሰናበት ሰው ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ይጠቅማል። ከተጫወታችሁት አንድ ነገር ያንሡ፣ ያመስግኑ፣ ይሂዱ፦ «ስለ ወንድምሽ የነገርሽኝን ወድጄዋለሁ። ልሂድ፤ ነገ እንገናኝ»። የውሸት ቀጠሮ ግን አይስጡ። «እደውላለሁ» ካሉ ይደውሉ።

11. ትውውቁን ያቆዩ

ጄፍሪ ሆል በ2018 ባሳተመው ጥናት ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ጓደኝነት 90 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ቅርብ ጓደኝነት ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ ገምቷል። የሚቆጠረው በተለይ አብሮ የተጫወቱበት ጊዜ ነው፤ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ መሥራቱ ብቻ ብዙም አያቀራርብም። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት «ጓደኛ አላፈራሁም» ብለው ተስፋ አይቁረጡ፤ ሰዓቱ ገና አልሞላም።

ሰው ያስታወሱለትን አይረሳም። ማታ ስልክዎ ላይ ወይም ማስታወሻ ደብተር ላይ አንድ መስመር ይጻፉ፦ «የእናቷ ቀዶ ሕክምና ሐሙስ»፣ «ልጁ ፈተና ላይ ነው»። ይህ ማስመሰል የሚመስላቸው አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ የምናስብለትን ነገር ነው የምንጽፈው፤ ቀጠሮም እንጽፍ የለ! ዓርብ ጠዋት «እናትሽ እንዴት ሆኑ?» የምትል አጭር መልእክት ከብዙ ግብዣ ትበልጣለች።

የራቁትንም አይተዉ። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሰው አማካይነት ሥራ ያገኙ ሠራተኞች አብዛኞቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ጓደኛ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው መሆኑን አሳይቷል፤ ቅርቦቻችን የሚያውቁት እኛም የምናውቀውን ነውና። ከጠፉ ረጅም ጊዜ ከሆነና ለመደወል ካፈሩ፣ ምክንያት አይፈልጉ። «ዛሬ ትዝ አልከኝ» ብቻ ይበቃል። በ2022 የታተመ ጥናት እንዲህ ያለ ያልተጠበቀ መልእክት ላኪው ከሚገምተው በላይ ተቀባዩን እንደሚያስደስት አሳይቷል።

12. ልምምዱን በአቅምዎ ይደልድሉ

ወደ ውጭ እንዳዘነበለ ሰው መሆን ለጊዜው ደስ እንደሚያሰኝ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። በ2019 የታተመ፣ ሰዎችን ለአንድ ሳምንት እንዲህ እንዲኖሩ ያደረገ ጥናት ግን በተፈጥሯቸው ወደ ውስጥ ያዘነበሉት ጥቅሙ እንዳነሰባቸውና ድካም እንደተሰማቸው አሳይቷል። ስለዚህ ዝምተኛ ከሆኑ የሌላን ሰው መጠን አይውሰዱ። ግብዣ ላይ ለአንድ ሰዓት ሄደው ከሁለት ሰው ጋር በደንብ ተጫውተው መመለስ በቂ ነው። ከብዙ ሰው በኋላ የብቻ ጊዜ አስቀድመው ይያዙ፤ የደከመ ሰው አያዳምጥም።

ለመጀመሪያው ወር እንዲህ ይሞክሩት። በመጀመሪያው ሳምንት ሰላምታ ብቻ፤ በቀን ለሦስት ሰው፣ በሚሰማ ድምፅ። በሁለተኛው ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ ሁለታችሁም በምታዩት ነገር ጨዋታ ይክፈቱ፤ በየሳምንቱ የሚደረገውን ቦታም ይምረጡና ይመዝገቡ። ሦስተኛው ሳምንት የተከታይ ጥያቄ ሳምንት ነው፤ በቀን በአንድ ጨዋታ ውስጥ ከመልሱ የተነሡ ሁለት ጥያቄዎች ሳይጠይቁ ስለ ራስዎ አያንሡ። በአራተኛው ሳምንት ማስታወሻ መያዝ ይጀምሩ፤ ከጻፉት ውስጥም አንዱን መርጠው መልእክት ይላኩ ወይም ይደውሉ። የሚከብድዎት ሳምንት ካለ ወደ ቀጣዩ አይለፉ፤ ያንኑ ይድገሙት። ሰላምታው ብቻ ሁለት ወር ቢፈጅብዎት እንኳ፣ ሦስተኛውን ሳምንት የሚጀምሩት ፊትዎን ከለመዱ ሰዎች ጋር ስለሚሆን ጥያቄው ይቀልልዎታል።